ቮልዩም ብቻ፦ ፓሲቭ ፕሪአምፕ ከፓወር አምፕ ጋር ሲጣመር

እስፒከር የሚነዳውን ማጉያ፣ ፓወር አምፕን፣ ለቤቱ ያገኘ ሰው ቀጥሎ ምን ይግዛ ለሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን መልሱ አንድ ነበር፤ ከእሱ በፊት የሚገባው ማጉያ፣ ፕሪአምፕ። ዛሬ ሌላም መልስ አለ፤ መርካቶ ውስጥ ማንኛውም ደህና ጥገና ቤት በአንድ ቮልዩምና በአራት መሰኪያ ሊሠራው ይችላል። የመብራት ገመድ የለውም፤ ትራንዚስተርም አይሲም የለውም፤ የገባበትን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ፓሲቭ ፕሪአምፕ ይሉታል። ስልኩ፣ ወይም ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ዳክ በአንድ በኩል ይሰካል፤ ፓወር አምፑ በሌላ በኩል፤ አለቀ።

የሞከሩት ሰዎች ግን አይስማሙም። አንዱ ድምፁ ጥርት አለ፣ ዘፋኙ ፊቴ ቆመ ይላል። ሌላው በዚያው ዓይነት ሳጥን ጉልበቱ ሞተ፣ ባሱ ጠፋ ይላል። ነገሩ የጆሮ ልዩነት ተደርጎ ይታለፋል፤ እኔ ግን ሁለቱም የሰሙትን በትክክል ነው የተናገሩት ባይ ነኝ። ሳጥኑ የራሱ ጠባይ የለውም። ጠባዩን የሚሰጡት ከፊቱ የተሰካው ምንጭ፣ ከኋላው የተዘረጋው ገመድና መጨረሻ ላይ ያለው አምፕ ናቸው። ይህን ያላወቀ ገዢ በአንዱ ቤት የሰማውን ጥራት ተመኝቶ ገዝቶ በራሱ ቤት ያጣዋል፤ ያወቀ ደግሞ ገንዘቡን አትርፎ እስፒከሩ ላይ ያውለዋል።

ደካማው ምንጭ እንዴት ጠነከረ

ፕሪአምፕን የወለደው የምንጮች ድክመት ነው። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚሰጠው 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፤ አንድ ቮልት ለመድረስ 200 ጊዜ መጉላት አለበት። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ሲጫወት ይህን መልሶ የሚያቃና ሰርኪት ያስፈልጋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 በአምሃ ሪከርድስ ስም ያሳተማቸው ሸክላዎች በየቤቱ ሲሰሙ ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ ማጉያ በየሳጥኑ ውስጥ ነበረ፤ አድማጩ ስሙን ባያውቀውም።

ሸክላው በካሴት ሲተካ ምንጩ ትንሽ በረታ። ደህና ቴፕ ዴክ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ያወጣል። በዚያ ዘመን የተሠሩት የጃፓን አምፖች፣ ዛሬም ያገለገሉ ሆነው የሚሸጡት ሳንሱይና ፓዮኒር፣ በ“ኦክስ” መግቢያቸው 150 ሚሊ ቮልት ሲያገኙ ሙሉ ጉልበታቸውን እንዲሰጡ ተደርገው የተነደፉ ናቸው። ስለዚህ በውስጣቸው ያለው የፕሪአምፕ ክፍል በእርግጥ ሥራ ነበረው።

ለውጡ የመጣው በሲዲ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያቀረቡት ሲዲ የመውጫ መጠኑ 2 ቮልት ሆኖ ተለመደ፤ የድሮው አምፕ ከሚጠብቀው 13 እጥፍ በላይ ማለት ነው። የዛሬዎቹ የጠረጴዛ ዳኮችም ይህንኑ 2 ቮልት ወርሰዋል። ስልክ በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ቮልት ይሰጣል።

ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ጭምር የራሱ ሙዚቃ ቤት ከነበረበት ከፒያሳ ተነስቶ በአትክልት ተራ በኩል ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ይህን ታሪክ በእግሩ ይሄደዋል ማለት ይቻላል። ከላይ ሸክላና ካሴት የሚሸጥበት ዘመን ነበረ፤ ከታች ስልክ፣ ዳክና የአምፕ ቦርድ የሚሸጥበት ገበያ አለ። ከላይ የነበረው ምንጭ ማጉያ ይፈልግ ነበር፤ ከታች ያለው የሚፈልገው መቀነሻ ነው።

ሒሳቡ

ብዙ የቤት ፓወር አምፖች የገባባቸውን ቮልት 20 ጊዜ ያጎላሉ፤ በባለሙያዎቹ ቋንቋ 26 ዲሲቤል ነው። 8 ኦም እስፒከር ላይ 50 ዋት ለማግኘት 20 ቮልት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ 1 ቮልት ይበቃል። 2 ቮልት የሚያወጣ ዳክ ይህን አምፕ ከአቅሙ በእጥፍ ይገፋዋል። አንድ ቮልት የሚሰጥ ስልክ ልክ ጫፉ ላይ ያደርሰዋል። ግማሽ ቮልት የሚሰጥ ስልክ እንኳ 12.5 ዋት ያወጣበታል፤ ሳሎን ውስጥ በተራ እስፒከር አንድና ሁለት ዋት ከመደበኛው ጨዋታ በላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በዚህ ሰንሰለት መሃል አሥር እጥፍ የሚያጎላ ፕሪአምፕ ቢገባ ምን ይሠራል? ያጎላል፤ ቮልዩሙ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይቀንሳል። በመሃሉ የራሱን ሹክሹክታ ይጨምራል። ርካሽ ፕሪአምፕ ያለው ሰው ፓሲቭ ሲሞክር ድምፁ የሚጠራለት ከዚህ የተነሳ ነው። ሳጥኑ ምንም አላሻሻለም፤ የማያስፈልግ ክፍል ተነሳ እንጂ።

የዋጋው ጉዳይም አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ጥሩ ፕሪአምፕ በብር ሲተመን ከብዙ አድማጭ አቅም ወጣ። ቮልዩምና መሰኪያ ግን ከውጭ ቢመጡም ትናንሽ ናቸው፤ ብየዳው እዚሁ ነው። ከድምፅ ጥራት ክርክሩ ይልቅ ፓሲቭን ወደ ቤት የሚያስገባው ይህ ይመስለኛል።

የሚሰናከልበት ቦታ

ቮልዩም፣ በሙሉ ስሙ ፖቴንሽሜትር፣ በውስጡ አንድ የካርቦን መንገድና በላዩ የምትንሸራተት ጣት አለው። ጣቷ ግማሹን ቮልት የምታሳልፍበት ቦታ ላይ ስትቆም የሳጥኑ የመውጫ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ድምፁ ሲወጣ የሚገጥመው እንቅፋት፣ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ መጠኑም የቮልዩሙ ሩብ ነው። 10 ኪሎ ኦም ቮልዩም እስከ 2.5 ኪሎ ኦም፣ 50 ኪሎ ኦም እስከ 12.5፣ 100 ኪሎ ኦም እስከ 25 ኪሎ ኦም ያሳያል። ማጉያ ያለው ፕሪአምፕ ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ኦም አይበልጥም። ዋናው ልዩነት ይህ ነው፤ አብዛኛው ቅሬታም ከዚህ ይመነጫል።

መጀመሪያ ገመዱን እንይ። ተራ የድምፅ ገመድ በአንድ ሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ያህል ቻርጅ የመያዝ አቅም አለው። ጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ ነው፤ መጀመሪያ እሱ መሞላት አለበት፣ ቱቦው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቶሎ አይሞላም። ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው ቀጭን ድምፅ የሚጎዳው ለዚህ ነው። 5 ሜትር ገመድና የአምፑ የራሱ መግቢያ አንድ ላይ 650 ፒኮ ፋራድ ሆኑ እንበል። በ10 ኪሎ ኦም ቮልዩም ድምፁ በ3 ዲሲቤል የሚወድቀው 98 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነው፤ ጆሮ የማይደርስበት ቦታ። በ50 ኪሎ ኦም 20 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይሆናል፤ የጆሮ ድንበር። በ100 ኪሎ ኦም ግን ወደ 10 ኪሎ ኸርዝ ይወርዳል። ያ በግልጽ ይሰማል።

ምን እንደሚጠፋ ለማወቅ የበገና ቅጂ የሚወዳደረው የለም። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው ቢባልም ያ የሚያንዘረዝረው ድምፁ የሚመጣው በአውታሮቹና በመቀመጫቸው መካከል ከሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች፣ ከእንዝራው ነው፤ ንዝረቱም ከመሠረቱ ድምፅ እጅግ ከፍ እስካሉ ድምፆች ይዘረጋል። የአለሙ አጋን በገና በጥሩ ዲጂታል ቅጂ በ100 ኪሎ ኦም ቮልዩምና በረጅም ገመድ የሰማ ሰው ንዝረቱ ደብዝዞ ጥጥ የለበሰ ይሆንበታል። በድሮ ካሴት የተቀዳ ዘፈን የሚሰማ ሰው ግን ልዩነቱን ላያገኘው ይችላል፤ ካሴቱ ራሱ ያን ቀጭን ድምፅ አስቀድሞ አጥቶታልና። አንዱ ሲያማርር ሌላው የሚያመሰግንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ እነዚህ ቁጥሮች የክፉው ቀን ቁጥሮች ናቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቮልዩሙ ከገባው አንድ አሥረኛውን ብቻ ሲያሳልፍ፣ የ100 ኪሎ ኦሙ ኢምፒዳንስ ወደ 9 ኪሎ ኦም ይወርዳል። ውጤቱ ግን ሌላ እንግዳ ነገር ነው፤ የሳጥኑ ድምፅ ቮልዩሙ በቆመበት ቦታ ይለያያል። ማታ ቤተሰብ ተኝቶ ጥርት ብሎ የሚሰማው፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንግዳ ሲመጣ ከፍ ሲደረግ ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአምፑ መግቢያ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጡትን የክላስ ዲ የአምፕ ቦርዶች እንውሰድ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩበት ቲፒኤ3116 የተባለው አይሲ አራት የማጉላት ደረጃ አለው። በ20 ዲሲቤል ሲስተካከል መግቢያው 60 ኪሎ ኦም ነው፤ በ26 ዲሲቤል 30፤ በ32 ዲሲቤል 15፤ በ36 ዲሲቤል 9 ኪሎ ኦም ብቻ። ገዢው ቦርዱ ይበልጥ እንዲጮህለት ከፍተኛውን ደረጃ ይመርጣል፤ ሳያውቀው መግቢያውን አጠበበው። 100 ኪሎ ኦም ቮልዩም ከዚህ 9 ኪሎ ኦም ጋር ሲጣመር በመካከለኛው ቦታው ላይ ከ11 ዲሲቤል በላይ ይጠፋል። ቁልፉ ሲዞር ለረጅም መንገድ ደካማ ሆኖ ይቆይና መጨረሻ አካባቢ ድንገት ይጮሃል። “ጉልበት የለውም” የሚባለው ይህ ነው፤ ጉልበቱ ግን አምፑ ውስጥ አለ።

ባሱስ? ምንጩ በመውጫው ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅን የሚያግድ ካፓሲተር ካለው ከፊቱ ያለው ጭነት ሲያንስ ባሱ ቀድሞ ይቆረጣል። 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር 10 ኪሎ ኦም ቮልዩም ሲገጥመው መቁረጫው 16 ኸርዝ ነው፤ ምንም አይደለም። ያ 10 ኪሎ ኦም ተከፍቶ ከ9 ኪሎ ኦም አምፕ ጋር በአንድ ላይ ወደ 4.7 ኪሎ ኦም ሲወርድ ግን መቁረጫው 34 ኸርዝ ይሆናል፤ የባስ ጊታር ዝቅተኛው አውታር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ “ትንሹን ቮልዩም ግጠም” የሚለው ምክርም ለሁሉም አይሠራም። ለገመዱ የሚበጀው ለምንጩ ሊከብድ ይችላል።

ሸክላ ወዳዱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ነገር አለ። ፓሲቭ የመርፌውን 5 ሚሊ ቮልት ሊያነሳው አይችልም፤ ድምፁንም አያቃናውም። የሸክላ ማጉያ ለብቻው መኖር አለበት። እሱ ካለ ግን 100 ጊዜ አጉልቶ ግማሽ ቮልት ሲሰጥ ፓሲቩ ከኋላው ያለ ችግር ይሠራል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ፓሲቭ ሳጥን የመብራት ገመድ ስለሌለው የቮልቴጅ መዋዠቅ አያቃጥለውም፤ በመሬት መስመር በኩል የሚመጣውን ሁምታም አይጨምርም። ይህ በአዲስ አበባ ቤት ትንሽ ጥቅም አይደለም። የዚያው ባሕርይ ሌላ ገጽታ ግን ብዙ አይነሳም። ደህና ፕሪአምፕ ሲበራ ለጥቂት ሴኮንድ መውጫውን በሪሌ ዘግቶ ይቆያል፤ ምንጩ ሲነሳ የሚያወጣው ጓ የሚል ድምፅ እስፒከር አይደርስም። ፓሲቭ ይህን በር አይዘጋም። መብራት ድንገት ሄዶ ድንገት ሲመጣ ዳኩም አምፑም እኩል ይነሳሉ፤ የዳኩ ጓታ 20 ጊዜ ጎልቶ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መብራት ሲሄድ አምፑን ማጥፋት፣ ሲመጣ በመጨረሻ ማብራት።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ቀጥተኛ ቮልቴጁ ነው። የተበላሸ ምንጭ ግማሽ ቮልት ቀጥተኛ ቮልቴጅ ቢያወጣ፣ አምፑም በመግቢያው ካፓሲተር ከሌለው፣ ቮልዩሙ ክፍት በሆነበት ጊዜ እስፒከሩ ላይ 10 ቮልት ያርፋል። የእስፒከር ጥቅል ያንን ለረጅም ጊዜ አይችልም። እንዲሁም የቮልዩሙ የመሬት እግር ብየዳ ከለቀቀ ድምፁ ወደ ዝቅተኛ ሳይሆን ወደ ሙሉው ይዘላል። ለዚህ ሥራ የብየዳ ጥንቃቄ ከቮልዩሙ ዋጋ ይበልጣል።

የሰርጉ አምፕ ሳሎን ሲገባ

በአገራችን የቤት ፓወር አምፕ ሲባል ብዙ ጊዜ በሰርግና በጉባኤ ያገለገለ፣ ሞንታርቦ እስፒከር ሲያስጮህ የኖረ ዕቃ ነው። እነዚህ አምፖች ፊታቸው ላይ ለግራና ለቀኝ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ በአብዛኞቹ ውስጥ ከማጉያው በፊት የተቀመጠ ቮልዩም ነው፤ ማለትም ባለቤቱ ስሙን ሳይሰማ ፓሲቭ ፕሪአምፕ ገዝቷል። ስልኩን በቀጥታ ሰክቶ የሚሰማ ሰው ይህን ጥምረት በተግባር እያደረገው ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ የጉልበት ብዛት ነው። በ0.775 ቮልት ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥ 300 ዋት አምፕ 63 ጊዜ ያጎላል። ሳሎን ውስጥ አንድ ዋት ለማግኘት ከዳኩ 2 ቮልት 45 ሚሊ ቮልት ብቻ ማሳለፍ አለበት። ቁልፎቹ ከታች ጫፍ ላይ ይቆማሉ፤ የግራውንና የቀኙን ቁልፍ እኩል ማድረግ የሚከብደው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ዘፋኙ ወደ አንዱ እስፒከር ይሸሻል። እንደ ክራውን ያሉት አምራቾች በአንዳንድ ሞዴላቸው ላይ 0.775ን ወደ 1.4 ቮልት የሚቀይር መቀየሪያ አላቸው፤ 5 ዲሲቤል ያግዛል። ከዚያ በላይ ቢፈለግ በየመንገዱ ሁለት ቋሚ ሪዚስተር በመበየድ ምንጩን አሥር ጊዜ መቀነስና ቮልዩሙን ወደ መካከለኛ ሥፍራው ማምጣት ይቻላል። የማቀዝቀዣው ፋን ጩኸት ግን በሪዚስተር አይድንም፤ ጸጥ ያለ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ይህን አምፕ ባይገዛ ይሻለዋል።

ካየኋቸው አማራጮች ሁሉ ብልህ የሚመስለኝ ያገለገለው የጃፓን አምፕ ነው። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ጀርባቸው ላይ “ፕሪ አውት” እና “ሜይን ኢን” የሚሉ መሰኪያዎችን የምታገናኝ የብረት ድልድይ አለቻቸው። በእድሜ ብዛት ማብሪያዎቹ የዛጉ፣ የድምፅ ማስተካከያው የሚንኮሻኮሽ አምፕ ድልድይዋ ወጥታ በፓሲቭ በኩል በሜይን ኢን ሲገባበት የታመመው ክፍል በሙሉ ይታለፋል። ጤነኛው የፓወር ክፍል ለብቻው ይሠራል። ለመጣያ የታሰበ ዕቃ በዚህ መንገድ ይተርፋል።

ወዴት ያመራል

አንደኛው መንገድ ሳጥኑ ራሱ አላስፈላጊ መሆኑ ነው። ብዙ ዳኮች የራሳቸው ዲጂታል ቮልዩም አላቸው። 16 ቢት ቅጂ 24 ቢት በሚሠራ ዳክ ውስጥ እስከ 48 ዲሲቤል ቢቀነስ እንኳ ከቅጂው ቢት አይጠፋም፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱም ዝቅተኛ ሆኖ ይቆያል፤ ግራና ቀኙም አይዛባም። አንድ ምንጭ ብቻ ላለው ሰው ከፓሲቭ ይህ ይሻላል። ፍርሃቱ አንድ ነው፤ ሶፍትዌሩ ተሳስቶ ድምፁን ሙሉ ቢለቀው የሚያቆመው የለም።

ሁለተኛው መንገድ ብሉቱዝ፣ ቮልዩምና አምፕ በአንድ ቦርድ ላይ የተጫኑበት ነው። ብዙሃኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ ዋጋውም ምቾቱም ይስበዋል። እዚያ ውስጥ ፕሪና ፓወር የሚባል ልዩነት ለገዢው አይታይም፤ ቦርዱ ሲበላሽም ሁሉም አንድ ላይ ይጣላል።

ሦስተኛው መንገድ መርካቶ ሊሠራው የሚችለው ነው። ቮልዩሙ እንዳለ ሆኖ ከኋላው ምንም የማያጎላ ግን ኢምፒዳንሱን የሚያወርድ በፈር ይጨመራል። አሜሪካዊው የአምፕ ነዳፊ ኔልሰን ፓስ እ.ኤ.አ. በ2008 ቢ1 በሚል ስም ይህንኑ ሐሳብ ማንም በቤቱ እንዲሠራው ይፋ አድርጎ ነበር። ከዚያ በረከሰ ዋጋም ይቻላል፤ 5532 እና ቲኤል072 የተባሉት አይሲዎች በሚክሰሮች ውስጥ የተለመዱ ስለሆኑ ለጥገና ባለሙያ እንግዳ አይደሉም። በበፈር ገመዱ 5 ሜትር ቢሆን፣ አምፑ 9 ኪሎ ኦም ቢሆን ግድ አይሰጠውም። ዋጋው አንድ ትንሽ የመብራት ምንጭ ነው፤ ከእሱም ጋር ፓሲቩ ያመለጠው የቮልቴጅ መዋዠቅ ተመልሶ ይመጣል።

እንደ እኔ ግምት ገመዱ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ፣ ዳኩ 2 ቮልት የሚሰጥ፣ አምፑ 30 ኪሎ ኦምና ከዚያ በላይ መግቢያ ያለው ሰው 10 ወይም 20 ኪሎ ኦም ፓሲቭ ገጥሞ ውድ ፕሪአምፕ መመኘቱን ቢተው ምንም አይጎድልበትም። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ወደ በፈር ይሂድ። ስልክ ብቻ ያለው የግማሽ ቮልት ደንበኛ ከሁለቱም በፊት ርካሽ ዳክ ቢገዛ የበለጠ ይጠቀማል። በገበያው በኩል የጎደለው ከፍተኛ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ መረጃ ነው። ዛሬ በሳጥኖችና በቦርዶች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብቻ ነው። ሻጩ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላና መግቢያው ስንት ኪሎ ኦም እንደሆነ ቢናገር፣ ጥገና ቤቱም የገጠመውን ቮልዩም መጠን በሳጥኑ ጀርባ ቢጽፍ፣ ገዢው ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ይስማሙ እንደሆነ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ ማወቅ ይችላል።